በቦርሳዋ ጀርባ የሰፋሁት ብራና

ይህ ነገር የደረሰብኝ ካቻምና፣ ሰኔ ገብቶ በጣና ላይ ደመናው ዝቅ ባለበት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ የጠየቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ ለሁሉም መልሻለሁ። ሆኖም የምናገረው ሁልጊዜ እኔ የተበደልሁበትን ግማሽ ብቻ ነበር። የቀረውን ግማሽ ዛሬ እጽፈዋለሁ። ሳልናገረው ብሞት አንዲት ሴት ያላጠፉትን ጥፋት እንዳጠፉ ሆነው ይቀራሉና።

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው። በልጅነቴ ከዱርቤቴ ወጥቼ ለትምህርት ብዙ ደብር ዞሬአለሁ። ዜማውን ተምሬ መሪጌታ ተባልሁ፤ ከዜማው ጎን ግን እጄን ያስለመድሁት የብራና ሥራ ነው። ቆዳውን እወጥራለሁ፣ እፍቃለሁ፣ ፀሐይ አስመትቼ እጽፍበታለሁ። መጽሐፉ ሲያልቅም የሚገባበትን የቆዳ ከረጢት፣ ማኅደሩን፣ ራሴው እሰፋለሁ። ወስፌ ይዤ ያረጀሁ ሰው ነኝ ብል ሐሰት አይሆንብኝም። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ጽሕፈቱን ትቼ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን ፊደልና ዜማ አስተምራለሁ።

በግቢያችን ከእኔ ፊት ለፊት ያለውን ቤት ተከራይታ የነበረችው ሜሮን የምትባል የኮሌጅ መምህርት ናት። ከአዳማ ለሥራ መጥታ ከእናቷ ከወይዘሮ አልጋነሽ ጋር ትኖር ነበር። እኔ ልጅ አልወለድሁም፤ ባለቤቴም ካረፈች ቆይታለች። ሜሮን ከሥራ ስትመለስ በረንዳዬ ላይ ጥቂት ሳትቀመጥ አታልፍም። እርሷ ከስልኳ ዜና ታነብልኛለች፤ እኔ ብራና እንዴት እንደሚወጠር፣ በበጋ ካልሆነ ለምን እንደማይፋቅ፣ ቅዱሳን ስሞች ለምን በቀይ ቀለም እንደሚጻፉ እነግራታለሁ። «የኔታ» ስትለኝ እንደ ተማሪዎቼ እየፈራች አልነበረም፤ አባቱን እንደሚያጫውት ልጅ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር በእግር ትጓዛለች። ሃይኪንግ ይሉታል። ነገሩ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር።

«በመኪና የሚደረስበትን አገር በእግር የምትሄዱት ስእለት ኖሮባችሁ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ስእለት የለብንም የኔታ። ደስ ስለሚለን ነው።»

«እኛ ከደብር ወደ ደብር ስንሄድ ደስ አላለንም። ውሻ ነበር የሚያባርረን።»

«እንግዲያው ከእኛ ቀድመው የጀመሩት እርስዎ ነዎት» ብላ ሳቀች።

ከትንሣኤ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጉዞ ስትመለስ ትከሻዋ በማንገቻው ተልጦ አየሁ። ቦርሳዋን ባዶውን አነሣሁት፤ ቀንበር መሰለኝ። ያን ጊዜ ስልኳን አውጥታ በውጭ አገር የሚኖሩ ተጓዦች ቀላል የጀርባ ቦርሳ ከድንኳን ጨርቅ በየቤታቸው ሲሰፉ አሳየችኝ። አንዱ ሽማግሌ ነበር፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መርፌ ለማስገባት ሲታገል አይቼ እኔም ሳቅሁ።

«ማኅደር የሰፋ እጅ ይህ ያቅተዋል?» አለችኝ።

ይህ ቃል ልቤን ነካው። መጻፍ ካቆምሁ ወዲህ እጄን የፈለገ ሰው አልነበረም።

ወደ ስፌቱ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ኋላ የመጣው ሁሉ የሚያያዘው ከእርሱ ጋር ነውና። ከዚህ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ወይዘሮ አልጋነሽ ማለዳ ወደ በረንዳዬ መጥተው ነበር። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

«መሪጌታ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነው የመጣሁት» አሉኝ። «ይቺ ልጅ በየጫካው በየገደሉ ትዞራለች። እኔ ደግሞ እስክትመለስ እህል አይወርድልኝም። መንገድ የሚጠብቃት ትንሽ ጽሑፍ ይጻፉልኝ፤ በቦርሳዋ ኪስ አደርግላታለሁ። ይደብቋት አይደለም የምልዎ፤ ነግሬያት ነው የማደርገው።»

ክታብ መሆኑ ነው። ተምረው ሳለ ክታብ እየጻፉ የሚሸጡትን ሰዎች በዕድሜዬ ሙሉ ስነቅፍ ኖሬአለሁ። ስለዚህ ጥያቄው እንደ ስድብ ተሰማኝ። «እርስዎ» ማለቱንም ተውሁት።

«የተጠመቀች ልጅ አለችሽ» አልኋቸው። «በክር የታሰረ ቁራጭ ከጥምቀት ይበልጣል ብለሽ ነው? ጠንቋይ ከፈለግሽ ሌላ በር አንኳኪ።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ቧንቧው አጠገብ ውኃ የሚቀዱ ሁለት ሴቶች ቀና ብለው አዩን። ወይዘሮ አልጋነሽ በነጠላቸው ግማሽ ፊታቸውን ሸፍነው ወደ ቤታቸው ገቡ። እኔም ሃይማኖቴን የጠበቅሁ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ራሴን ሳመሰግን ዋልሁ።

ስፌቱን የጀመርነው እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው። ሜሮን ከሰልባጅ ተራ የተቀደደ ድንኳን አገኘች፤ የላይኛው ሽፋኑ አረንጓዴ፣ ስስና ውኃ የማያስገባ ነበር። ንድፉን በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ነድፈን ቆረጥን። ማንገቻዎቹንና ማሰሪያዎቹን ከድሮ ቦርሳዋ ፈታን፤ ለትከሻዋ ልስላሴ እንዲሆን ከመኝታ ምንጣፍ የተረፈ ስፖንጅ ገባባቸው። የባለቤቴን የእጅ ስፌት መኪና ከተቀመጠበት አወጣሁና ዘይት ሰጠሁት።

ያ ጨርቅ ተንኮለኛ ነበር። ከመርፌው ሥር እንደ ዓሣ ይንሸራተታል፤ ወፍራም መርፌ ሲነካው ይሰነጠቃል። ሁለት ጊዜ አበላሽቼ በሦስተኛው ቀጭን መርፌ አስገብቼ ጠርዙን እንደ ማኅደር ጠርዝ ሁለት ጊዜ አጥፌ ቀመቀምሁት። ከዚያ ወዲያ ያዘ።

መከራከራችን ግን አልቀረም። እርሷ ዚፕ ፈለገች፤ እኔ ዚፕ ክብደት ነው፣ አፉ በገመድ ይሰብሰብ አልሁ። በዚህ እኔ ረታሁ።

«ይህ ትልቁ ኪስ ለምንድን ነው?» አለችኝ ደግሞ።

«ለመጽሐፍ ነዋ።»

«የኔታ፣ እኔ እኮ ውኃ ነው የምይዘው።»

በዚህ እርሷ ረታች።

ሲያልቅ ከእናቷ ጓዳ ድንችና የብረት ድስት ከትታ ሞከረችው። ቦርሳው እንደ ሰካራም ጀርባዋ ላይ ተንከባለለ፤ የድስቱ እጀታም ወገቧን ወጋት። ጀርባው ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ነገር አልነበረውም። በውጭ አገር ስስ ፕላስቲክ ያስገቡበታል አለችኝ። ካርቶን ሞከርን፤ በላብ ብቻ ተልፈሰፈሰ። ያን ጊዜ ብራና ትዝ አለኝ። ይቀላል፤ አይሰበርም፤ ከሰው ጀርባ ጋር ይጎብጣል።

«ከሥራዬ የተረፈ ብራና አይጠፋም» አልኋት። «ነገ ስትመለሺ ተሰፍቶ ታገኚዋለሽ።»

በማግስቱ እርሷ ወደ ኮሌጅ ሄደች፤ እኔ ሣጥኔን ከፈትሁ። ሁለት ቅጠል ብራና ነበረኝ። አንደኛው ባዶ ነው፤ ከነጭ ፍየል የተፋቀ፣ ንጹሕ። ሁለተኛው የተጻፈበት ነው፤ በመጨረሻ የጻፍሁት ገጽ። የጉዞ ጸሎት ስጽፍበት አንድ መሥመር ዘለልሁ። መዝለሌን ያወቅሁት ገጹን ከጨረስሁ በኋላ ነበር፤ ዓይኔ እንደ ከዳኝም ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው። ቅዱስ ስም ያለበትን ገጽ ፍቆ ማጥፋት ስለ ከበደኝ፣ መጣልም ስለማይገባ፣ ዓመታት ሙሉ ሣጥኑ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

መጀመሪያ ያነሣሁት ባዶውን ነው። በቦርሳው ጀርባ ላይ አድርጌ ለካሁት፤ ልኩ ነበር። ከዚያ መልሼ አስቀመጥሁትና የተጻፈበትን አነሣሁ።

ለምን እንደ ሆነ ዛሬ በግልጽ ልጻፍ። ጊዜው ክፉ ነበር፤ መንገዱ ያስፈራ ነበር፤ ልጅቱንም እወዳት ነበር። ጸሎቱ በጀርባዋ ይሁን አልሁ። እናቷ የለመኑኝን፣ እኔም ሰው እየሰማ የገሠጽኋቸውን፣ ያንኑ ነገር በገዛ እጄ ማድረጌን አላስተዋልሁም ብል እዋሻለሁ። አስተውዬዋለሁ። ይህ ግን ክታብ አይደለም፤ የጸሎት ገጽ ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። እንዲህ ራሴን ካሳመንሁ በኋላ የተጻፈበትን ፊት ወደ ውስጥ አዙሬ፣ በቦርሳውና በገበሩ መካከል አድርጌ፣ ዙሪያውን በሰም በተቀባ ክር ጥቅጥቅ አድርጌ ሰፋሁት። ለሜሮንም አልነገርኋት። ብነግራት እንደምትስቅብኝ፣ ከዚያም «ለእማዬ ለምን ከለከሏት?» እንደምትለኝ አውቅ ነበር።

ስትመለስ ቦርሳውን ወደ ሱቅ ወስዳ በሚዛን አስመዘነችው። ግማሽ ኪሎ እንኳ አልሞላም ብላ እየዘለለች መጣች። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከመንገድ ደወለችልኝ፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«የኔታ፣ የተሸከምኩ አይመስለኝም! ሁሉም ከየት ገዛሽው ይሉኛል።»

«ምን አልሻቸው?»

«ከመሪጌታ ፋብሪካ አልኳቸው።»

ያን ቀን ተማሪዎቼን ሳልቆጣ ዋልሁ።

በሰኔ ከባልደረቦቿ ጋር ወደ ደልጊ ሄደች። በመኪና እስከዚያ ደርሰው የሐይቁን ዳር ይዘው በእግር ሊመለሱ ነበር። በሁለተኛው ቀን ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ አልለቀቃቸውም። ማምሻውን ሁለት ጓደኞቿ በመኪና አሳፍረው፣ ደግፈው አመጧት፤ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፣ ሰውነቷ እሳት ሆኗል። ክሊኒክ ወስደዋት ደሟ ሲታይ ወባ ተገኘባት። ቀደም ባለው ጉዞ ሐይቁ ዳር ያደረች ጊዜ ሳይዛት አይቀርም አለ ሐኪሙ። መድኃኒት ተሰጥቷት ቤቷ ተኛች። ቦርሳው እንደ ራሰ በረንዳቸው ላይ በገመድ ተሰቀለ።

የራሰ ብራና ምን እንደሚሆን በሙያው ያለ ሰው ያውቃል። ያብጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይጎትታል፣ ይጣመማል። በጥብቅ ሰፍቼዋለሁና መውጫ አላገኘም። በሦስተኛው ቀን የቦርሳው ጀርባ ጉብጉብ ብሎ፣ ውስጡ አንዳች ነገር ያለበት መሰለ። ሽታም ነበረው። ወይዘሮ አልጋነሽ ይህን ያዩት የልጃቸው ትኩሳት ገና ሳይበርድ ነው። በምላጭ ስፌቱን ፈቱት።

እኔ ከትምህርት ስመለስ የግቢው ሰው ተሰብስቦ ነበር። ወይዘሮ አልጋነሽ ብራናውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ቅዱሳን ስሞች ከተጻፉበት ቦታ ቀዩ ቀለም በውኃው ፈስሶ ወደ ታች ወርዷል።

«ደም ነው» አለች አንዲት ሴት።

«ቀለም ነው!» አልሁ። ማንም አልሰማኝም።

ወይዘሮ አልጋነሽ ግን አልጮኹም። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ያለው ያ ዝግ ያለ ድምፃቸው ነው።

«በግልጽ ለመንኩዎት» አሉኝ። «ሰው ፊት አዋረዱኝ፤ ጠንቋይ ፈላጊ አሉኝ። ዝም አልኩ። ለካስ እምቢ ያሉት እኔን ነው። ለበጎ ቢሆን ኖሮ ለእኔ ይሰጡኝ ነበር። እናት የማታውቀው፣ ልጅቱ የማታውቀው፣ በስውር የሚሰፋ ነገር ምንድን ነው? ይንገሩኝ!»

«ጸሎት ነው። ያንብቡት» አልኋቸው።

ማንበብ እንደማይችሉ አውቅ ነበር።

አንድ ጎረቤት በመሐል ገብቶ «እማማ፣ ሐኪሙ እኮ ወባ ነው ብሏል» ቢላቸው «ወባውን ማን ላከባት?» አሉት። ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ «ደብተራ!» አለ፤ እንደ ማዕረግ ሳይሆን መተተኛ እንደ ማለት። ማን እንደ ሆነ ዞሬ አላየሁም።

በማግስቱ ከተማሪዎቼ የመጡት ሦስት ብቻ ነበሩ። ሁለቱን እናታቸው በር ላይ ቆማ ጠብቃ ቶሎ ወሰደቻቸው። ወላጆች እኔ ከማስተማር እንድከለከል ለደብሩ አለቃ አመለከቱ። ያለኝ ሀብት መልካም ስሜ ብቻ ነበር፤ ከእርሱ በቀር ምንም አልነበረኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ተጠራን። አለቃው፣ አራት ሽማግሌዎች፣ ጥቂት ወላጆች ተቀመጡ። ብራናው ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። አለቃው መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ንጹሕ የጉዞ ጸሎት ነው» አሉ። «ምንም የማይገባ ቃል የለበትም። አንድ መሥመር ተዘልሏል እንጂ።»

ከኋላ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ሳቁ ሲያበቃ አለቃው ወደ እኔ ዞሩ።

«ነገር ግን መሪጌታ፣ የተጻፈበትን ብራና በቦርሳ ውስጥ መስፋት ምን አመጣው? ቅዱስ ስም ያለበት ነገር ዝናብ ይመታዋል? ይህንስ ለባለቦርሳዋ አይነግሯትም?»

መልስ ከመስጠቴ በፊት ሜሮን ተነሣች። ጋቢ ተከናንባ፣ ፊቷ ገርጥቶ፣ የወንበር መደገፊያ ይዛ ነበር የቆመችው።

«አባቶቼ፣ እኔ ልናገር» አለች። «ብራና ይሻለዋል ያሉኝ ለጀርባዬ አዝነው ነው። ሌላ ብራና ስላልነበራቸው ያለቻቸውን አንዲቷን አወጡልኝ፤ ያልነገሩኝም ተረፈ ነገር መሆኑ አሳፍሯቸው ይሆናል። የኔታን አውቃቸዋለሁ፤ ባዶ ብራና ቢኖራቸው የተጻፈበትን አይነኩም። አይደለም የኔታ?»

ሁሉም አዩኝ። እርሷም አየችኝ፤ ዓይኗ ውስጥ ጥርጣሬ አልነበረም። ሣጥኔ ውስጥ ያለው ነጭ ብራና በዓይነ ልቡናዬ መጣብኝ። «ነበረኝ» ብል ለምን ይሉኛል፤ ለምን ሲሉኝ እናቷ የለመኑኝን ነገር በስውር አደረግሁት ማለት ይመጣል። ያኔ የነቀፍኋቸው ክታብ ጻፊዎች ሁሉ በሳቅ ይሞታሉ።

«ነው» አልሁ። «ሌላ አልነበረኝም።»

በዚህ ነገሩ አለቀ። አለቃው ለዝንጋታዬ መጠነኛ ተግሣጽ ሰጡኝ፤ ከመተት ነገርም ንጹሕ ነው ብለው ለወላጆች አስታወቁ። ቀጥሎ አንደኛው ሽማግሌ ወደ ወይዘሮ አልጋነሽ ዞሮ የሊቅ ስም አጉድፈዋልና ይቅርታ ይጠይቁ አላቸው።

ወይዘሮ አልጋነሽ ተነሡ። ጉልበታቸው እንደሚያማቸው አውቃለሁ፤ በዝናብ ጊዜ በረንዳቸው ላይ ሲያሹት አይቻቸዋለሁ። በዚያ ጉልበት ተንበርክከው ጉልበቴን ሳሙ።

«ይማሩኝ አባቴ» አሉ። «እናትነት አሳስቶኝ ነው።»

እኔም ቀና ብዬ ተቀምጬ ተሳምሁ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኋቸው፤ ይቅር ባይ እኔ ሆኜ።

ሐምሌ ገባ። ከሕፃናቱ የሚበዙት ተመለሱ፤ የቀሩትም ቀሩ። ሜሮን ዳነች፤ ነገር ግን ቦርሳዋ ጀርባው ተቀድዶ ማዕዘን ላይ ወድቆ ነበር። ሕሊናዬ አላስተኛ ሲለኝ በሥራ ልካሰው ፈለግሁ። ከድንኳኑ የተረፈውን ጨርቅ ቆርጬ አዲስ ጀርባ አበጀሁለት፤ ማንገቻውን በአዲስ ስፖንጅ ሞላሁት። ቀጥ አድርጎ እንዲይዘው ደግሞ ሣጥኔን ከፍቼ ያን ነጭ ብራና አወጣሁና ሰፋሁበት። ከመጀመሪያው ይልቅ ያማረ ሥራ ነበር። ያን ጊዜ ደስ እያለኝ የምሰፋው የገዛ ምስክሬን መሆኑን ልብ አላልሁም።

ወደ ቤቴ ጠርቼ ሰጠኋት። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድበዋል።

«የኔታ! ይህን ሁሉ ደከሙልኝ?» አለች። አገላበጠችው፤ ጀርባውን በጣቶቿ ዳሰሰችው፣ አጎበጠችው። ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋም በስሱ ጨርቅ ውስጥ አየችው።

«ይሄኛው ባዶ ነው» አለች እየሳቀች።

«ባዶ ነው፤ አትፍሪ» አልሁ እኔም እየሳቅሁ።

ጣቷ አሁንም ብራናው ላይ ነበር።

«መቼ ፋቁት?»

«በዚህ ሰሞን።»

ሁለተኛው ውሸቴ ይህ ነው። ከአፌ ሲወጣ እንኳ አልከበደኝም። ሜሮን ወደ ውጭ፣ ወደሚወርደው ዝናብ ተመለከተች። ሳቋ ወዲያው አልጠፋም፤ ቀስ ብሎ ነው ከፊቷ የለቀቀው።

«በክረምት ብራና አይፋቅም ብለውኝ ነበር» አለች። «ፀሐይ ካላገኘ ይሸታል፣ ይበሰብሳል ብለውኝ ነበር። እዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጠን።»

ገዝቼው ነው ማለት እችል ነበር። ከወዳጄ ተቀብዬው ነው ማለት እችል ነበር። ሁለቱም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበሩ፤ አልወጡም። በረንዳው ላይ ያስተማርኋትን ቃል በቃል ይዛዋለች። ከተማሪዎቼ ሁሉ ያስተማርሁትን እንደ እርሷ የያዘ የለም።

«ስለዚህ ነበረዎት» አለች።

የተረፈውን ክር መጠቅለል ጀመርሁ።

«የተጻፈበትን መርጠው ነው ያደረጉት። በዚያ ብቻ እኮ አልቀየምዎትም ነበር። ቢነግሩኝ እስቅ ነበር፤ ከዚያም ተሸክሜው እሄድ ነበር።» ድምፅዋ እስከዚህ ድረስ ደኅና ነበር። «እማዬ ግን ጉልበትዎን ስማለች።»

ቦርሳውን መደቡ ላይ አስቀመጠችውና በዝናቡ ውስጥ ወጣች።

ለእናቷ አልነገረቻቸውም። ይህን የማውቀው ወይዘሮ አልጋነሽ ከዚያ ግቢ እስኪወጡ ድረስ በየማለዳው ጎንበስ ብለው «እንደምን አደሩ አባቴ» ይሉኝ ስለ ነበር ነው። እያንዳንዱን ሰላምታ ተቀብያለሁ። ሜሮን ሰላምታ አላቋረጠችም፤ ነገር ግን በረንዳዬ ላይ አልተቀመጠችም፣ ስሜንም ለወጠችው። «መሪጌታ» አለችኝ፤ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ። መስቀል ካለፈ በኋላ ለኮሌጁ የሚቀርብ ቤት አግኝታ ሄደች። እናቷም ወደ አዳማ ተመለሱ።

ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ። ስግደቱንና ጾሙን ሰጡኝ፤ ፈጸምሁ። «ሴትዮዋንም ሄደህ ጠይቅ» አሉኝ፤ ይህን አልፈጸምሁም። ሩቅ ነው አልኋቸው። ሩቅ አይደለም፤ አውቶቡስ በየማለዳው ይወጣል። ሕፃናቱን ዛሬም አስተምራለሁ፤ ወላጆቻቸውም መሪጌታ በሐሰት ተከሰው ነበር እያሉ ያዝኑልኛል። 

ቦርሳው ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። አንድ ቀን አንግቼው ወደ ሐይቁ ዳር መሄድ ጀምሬ ነበር። ጀርባው ቀጥ ያለ ነው፣ ትከሻ አይልጥም፣ ምንም አይከብድም። ከግማሽ መንገድ ተመለስሁ።

ያ የተበላሸ ገጽ ከአለቃው ዘንድ ተመልሶልኛል። ወይዘሮ አልጋነሽ ያን ቀን የተሳሳቱት ወባውን የላክሁት እኔ ነኝ ብለው በማሰባቸው ብቻ ነው። «በስውር ሰፍተዋል» ማለታቸው እውነት ነው። «እምቢ ያሉት እኔን ነው» ማለታቸውም እውነት ነው። እሳቸው በግልጽ ለምነው ጠንቋይ ፈላጊ ተባሉ፤ እኔ በስውር አድርጌ ሊቅ ተባልሁ።

ወይዘሮ አልጋነሽ ሆይ፣ እርስዎ ማንበብ አይችሉም። ይህ ጽሑፍ ከሜሮን እጅ ከገባ ታንብብልዎ። በአዳራሹ ከአባቶች ፊት የተንበረከኩት በከንቱ ነው። ሌላ ብራና ነበረኝ።